የአጣናው ደብተር

አስራ አንድ ደብተር አለ ከአጣናው አልጋ ሥር፣
በሰማያዊ እስክሪብቶ የሞላ ከዳር እስከ ዳር፤
ሰሊጥ በኩንታል ስንት ዋለ፣ አዘዞ መጋዘን በር፣
ሰባት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እንኳ ሳይቀር።
(እሑድ ገበያ የለም። "የለም" ብሎ ይጽፋል ጠርጥሮ፤
"ዝምታም ዋጋ አለው" ይላል፣ ግንባሩን ቋጥሮ።)

ሒሳብ አስተማሪ ነበር፣ ጡረታ ሳይመጣ፣
ኤክስን አሳድዶ የሚይዝ፣ በየት በኩል ትውጣ!
"ገበያም እኩልታ ነው፣" አለኝ፣ "ያልታወቀው ቢበዛ፤
ይፈታል ቀን ቢፈጅም፤ ቸኩሎ ነው ሰው የሚገዛ።"

ፍቺው እንዲህ ነበር፦
በሰኔ ዝናብ ጠፋ፤ ዋጋው ወጣ፤ "በዝናቡ ነው" አለ።
በሐምሌ ዝናብ በዛ፤ ዋጋው ወጣ፤ "በዝናቡ ነው" አለ።
የመተማ መንገድ ተዘጋ፤ ወረደ፤ "መንገዱ ስለተዘጋ።"
መንገዱ ተከፈተ፤ ወረደ፤ "ጭነቱ ባንዴ ተንጋጋ።"
ዶላር፣ የቻይና መርከብ፣ የጎረቤት አገር ጦርነት፣
የጨረቃ ሙላት ጭምር፤ ይህን ግን በእርሳስ፣ በእፍረት።

ምክንያት አጥቶ አያውቅም፤ ምክንያቱ ግን ሁልጊዜ
ከዋጋው ኋላ ይደርሳል፣
ሙሽራው ከሄደ በኋላ እንደሚመጣ ሚዜ።

ትርንጎን ጠየቃት አንድ ቀን፣ ነጭ ሽንኩርት ቸርቻሪዋን፣
ቅዳሜ ገበያ፣ ጃንጥላዋ ሥር፣ ስታስተካክል ሚዛኗን፦
"አንቺ በምን ታውቂያለሽ፣ የምትሸጪበትን ቀን?"
"እኔማ የቤት ኪራይ ሲደርስ እሸጣለሁ፤
ሳይደርስ ከበሰበሰ እጥላለሁ።"
ይህንንም ጻፈው። ሁለት ጊዜ አሰመረበት፤
የትኛው ዓምድ እንደሚገባ ግን ጠፋበት።

አምና ኅዳር ላይ፣ መስመሩ ሁሉ ሽቅብ ይላል፤
የማራኪ ቤቱን ካርታ አስያዘ፤ ገዛ መቶ ኩንታል።
እኔ ነኝ ከወዛደሮቹ ጋር ያወረድኩት፣ አቧራው ጉሮሮዬን ዘግቶኝ፤
"ቆይ፣ እስከ ጥር ቆይ" አለኝ፣ ጣቱን ወደ ላይ ዘርግቶልኝ።

ጥር ገባ። የቀሃ ውሃ ፋሲል መዋኛ ገባ፣ ሞላ፣ ከፍ አለ፤
ዋጋው በዚያው ሳምንት፣ ማንም ሳይነካው፣ ጎደለ።
የጥምቀት ለት አጣናው ከገንዳው ዳር ቆሞ አየሁት፣
ከጎረምሶቹ ማን ቀድሞ እንደሚዘል ሲገምት፤
አንዱንም አላገኘም። ውሃው ተረጨ ፊቱ ላይ።

"ምን ሆነ ታዲያ?" ብለን ጠየቅነው። መነጽሩን ጠረገ።
"ምክንያቱ ይመጣል፤ መንገድ ላይ ነው" አለና፣ ደብተር ፈለገ።

ሚስቱ ይታይሽ ናት፣ አንድ ማለዳ ምንም ሳትናገር፣
ከአስራ አንዱ አራቱን ለቆሎ ሻጭ የሰጠች፣ ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ አጥር።
ትናንት የሃያ ብር ገዛሁ፤ ጠቅልላ ሰጠችኝ ልጅቱ፤
የሐምሌ አስራ ሁለት ዋጋ ነው፣ ያውም ከነምክንያቱ።
ሽምብራው አለቀ። ጨው ቀረ ከወረቀቱ ጫፍ።
መስመሩን በጣቴ ተከተልኩት፣ ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ ሲያርፍ፤
ቀና ስል የግንቡ ጥርስ፣ እሱም ወጣ፣ እሱም ወረደ፤
አራት መቶ ዓመት እንዲያ ቆሟል፣ ማንንም ሳያስረዳ።

ማታ ስልክ ደወለ። "ዛሬስ ስንት ገባ?"
ቀኑን ሙሉ አዘዞ አልሄድኩም። አፍሬ፣ ምን ልበል ብዬ ስባባ፣
ከቆሎው ወረቀት ያነበብኩትን ነገርኩት።
ጥቂት ዝም አለ። የእስክሪብቶ ክዳን ሲከፈት ሰማሁት።
"ግልጽ ነው" አለኝ፣ "ግልጽ ነው እኮ!
ነፋሱ ነው፤ ከሱዳን በኩል የመጣው።"
ጻፈው።